ለድሮ መኪና ትክክለኛውን ጎማ መምረጥ፦ ልክ፣ ጭነት፣ ፍጥነትና ዕድሜ

የዛሬ ሃምሳና ስድሳ ዓመት ለተሠራ መኪና ጎማ የሚፈልግ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ በቅድሚያ የሚገጥመው ችግር የልክ መጥፋት ነው። ገበያው የሚያከማቸው በከተማው በብዛት ለሚሽከረከሩት ኮሮላዎች፣ ቪትዞችና ሚኒባሶች የሚሆነውን ስለሆነ፣ የቮልስዋገን፣ የፊያት ሰይቸንቶ (ፊያት 600)፣ የላዳ ወይም የፔጆ 404 ባለቤት ከአንዱ ሱቅ ወደ ሌላው ሲዞር ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ ‹‹ይሄም ይገባል›› የሚል ነው። ጎማው ቸርኬው ላይ መግባቱ ግን ለመኪናው ትክክል መሆኑን አያረጋግጥም። ቸርኬው ላይ በደንብ የተቀመጠ ጎማ ዲያሜትሩ፣ ወርዱ፣ የመሸከም አቅሙ፣ የፍጥነት ደረጃው ወይም ዕድሜው ለመኪናው የማይሆን ሊሆን ይችላል። መኪናውን ከመንገድ ጋር የሚያገናኙት አራት መዳፍ የሚያህሉ የጎማ ክፍሎች ብቻ በመሆናቸው፣ ፍሬኑም መሪውም የሚሠሩት እነዚህ በፈቀዱት መጠን ነው።

ፍለጋው መጀመር ያለበት ከሱቁ ሳይሆን ከመኪናው ነው። አሁን መኪናው ላይ ያለውን ጎማ አንብቦ ተመሳሳዩን መግዛት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በብዙ ባለቤቶች እጅ ያለፈ መኪና ላይ ያለው ጎማ የሚነግረን ፋብሪካው ያዘዘውን ሳይሆን የመጨረሻው ባለቤት ያገኘውን ነው። ስለዚህ የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ፣ በበሩ ምሰሶ ወይም በሞተሩ ክፍል ውስጥ የተለጠፈውን ሰሌዳ፣ ከዚያም ቸርኬው ላይ የታተመውን ቁጥር ይመልከቱ። መመሪያው ከጠፋ ሊብሬው ላይ የሰፈረው ሞዴልና የተሠራበት ዓመት የፋብሪካውን መረጃ ለማፈላለግ ይጠቅማል። በዓመታት ውስጥ ቸርኬ ስለሚቀያየር አራቱንም፣ ትርፍ ጎማውንም ጨምሮ፣ አንድ በአንድ ማየት ያስፈልጋል፤ በአንድ መኪና ላይ ሁለት ዓይነት ቸርኬ ማግኘት የሚያስገርም አይደለም።

የድሮውን አጻጻፍ ማንበብ

የድሮ መኪና የጎማ ልክ በሦስት ዓይነት ይጻፋል። የመጀመሪያው በኢንች ብቻ የሚጻፈው ነው። ቮልስዋገን ‹‹5.60-15››፣ ፊያት 600 ደግሞ ‹‹5.20-12›› ይላሉ፤ የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ወርድ፣ ሁለተኛው የቸርኬው ዲያሜትር ነው። እነዚህ ክሮቻቸው እርስ በርስ ተሻግረው ለተነባበሩ ጎማዎች የወጡ ልኮች ሲሆኑ፣ የጎናቸው ቁመት ከወርዳቸው ጋር ሊተካከል ምንም ያህል አይቀረውም። ሁለተኛው ‹‹155 ኤስ አር 13›› የሚለው ዓይነት ነው። 155 ወርዱ በሚሊሜትር፣ ‹‹ኤስ›› የፍጥነት ደረጃው፣ ‹‹አር›› ራዲያል (ክሮቹ ሳይሻገሩ ከጠርዝ ወደ ጠርዝ ቀጥ ብለው የተዘረጉበት) መሆኑ፣ 13 የቸርኬው ኢንች ነው። የጎን ቁመቱ ሳይጻፍ ሲቀር ከወርዱ 80 በመቶ ወይም ከዚያ በጥቂቱ ከፍ ያለ እንደሆነ ይወሰዳል። ስለዚህ የቀድሞው ‹‹155 ኤስ አር 13›› ዛሬ ሱቅ ውስጥ ‹‹155/80 አር 13›› ተብሎ የሚገኘው ነው፤ ይህ ሦስተኛው፣ ዘመናዊው አጻጻፍ ነው።

በዚህ አካሄድ የፊያት 600 ‹‹5.20-12›› ወደ 145 አር 12፣ የቮልስዋገን ‹‹5.60-15›› ወደ 155 አር 15 ይመጣል፤ ሁለተኛውን የቮልስዋገን ፋብሪካ ራሱ በራዲያል ምትክነት ይጠቀምበት ነበር። የፈረንሳይ መኪኖች ትንሽ ጥንቃቄ ይጠይቃሉ። በፔጆ 404 ላይ የሚታየው ‹‹165-380›› ቸርኬው በሚሊሜትር የተለካበት አጻጻፍ ሲሆን 380 ማለት 15 ኢንች ነው፤ ስለዚህ 165 አር 15 ይሆነዋል። በቀደሙት ሲትሮኤኖች ላይ ያለው ‹‹400›› ግን ወደ 15 ኢንችም ወደ 16 ኢንችም አይጠጋጋም። በሁለቱ መካከል ያለ ልክ ነው፤ 16 ኢንች ጎማ ቢጫንበት ልል ይሆናል፣ 15 ኢንች ደግሞ በግድ ቢገባ ጠርዙ ይቆረጣል።

ዲያሜትሩን ማስላት

ትክክለኛው ልክ ሲጠፋ ምትክ የሚመረጠው በስሌት ነው። ወርዱን በጎን ቁመቱ መቶኛ አባዝተው በእጥፍ ይውሰዱት፤ ከዚያም የቸርኬውን ኢንች በ25.4 አባዝተው ይደምሩበት። ላዳ 2101ን እንውሰድ። 155/80 አር 13 ዲያሜትሩ 578 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። 165/80 አር 13 ደግሞ 594 ስለሚደርስ በ3 በመቶ ሊጠጋ ይበልጣል። 175/70 አር 13 ግን 575 ስለሆነ ወርዱ ቢሰፋም ዲያሜትሩ ከመጀመሪያው ጋር ተቀራራቢ ነው። ከመጀመሪያው ልክ በ3 በመቶ ውስጥ መቆየት ጥሩ ገደብ ነው፤ ከሁለት አማራጮች መካከል ደግሞ ለመጀመሪያው የሚቀርበውን እመርጣለሁ።

የዲያሜትር ነገር በአዲስ አበባ ከሌላው ቦታ ይልቅ የሚከብድበት ምክንያት አለ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኗ፣ ተርቦ የሌለው የካርቡሬተር ሞተር በስስ አየር ምክንያት ከኃይሉ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ዲያሜትሩ የጨመረ ጎማ ማርሹን እንዳከበደው ይቆጠራል፤ ያለዚያም አቅሙ የተቀነሰው የ1,200 ሲሲ ሞተር ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ሲወጣ፣ በሦስተኛ ይወጣው የነበረውን ዳገት በሁለተኛ ሊያደርገው ይችላል። በተጨማሪም ዲያሜትሩ የበለጠ ጎማ የፍጥነት ቆጣሪውን ወደ ኋላ ያስቀረዋል፤ መኪናው ቆጣሪው ከሚያሳየው በላይ ይሄዳል።

የቸርኬው ወርድ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ በሰፊው ማየት ይገባል። ለቮልስዋገን 155/80 አር 15 ሲጠፋ፣ ለዘመናዊ ኮሮላ በየሱቁ የሚገኘው 195/65 አር 15 ይቀርብልዎታል። በስሌት የመጀመሪያው ዲያሜትር 629፣ የሁለተኛው 634 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ የቸርኬው ኢንችም አንድ ነው። ወረቀት ላይ ሲታይ ምንም አይጎድለውም። ችግሩ ቸርኬው ነው። የቀድሞው ቮልስዋገን ቸርኬ ወርዱ 4 ወይም 4.5 ኢንች ሲሆን (ቸርኬው ላይ ‹‹4 ጄ›› ወይም ‹‹4½ ጄ›› ተብሎ ይታተማል)፣ 195/65 የሚፈልገው ዝቅተኛ ወርድ 5.5 ኢንች ነው። ሰፊ ጎማ በጠባብ ቸርኬ ላይ ሲታሰር ጎኖቹ ወደ ውስጥ ይሰበሰባሉ፣ መሬት የሚነካው ፊቱ መሐሉ ይቆለመማል፣ በመታጠፊያ ላይ ጎማው ወደ ጎን ይተኛል፤ ንፋሱ ዝቅ ባለ ጊዜም ጠርዙ ከቸርኬው ሊለቅ ይችላል። በጥቅሉ 155/80 ከ4 እስከ 5 ኢንች፣ 165/80 ከ4 እስከ 5.5 ኢንች፣ 175/70 ከ4.5 እስከ 6 ኢንች ባለው ቸርኬ ላይ ይታሰራል። ከዚህ ስንነሳ 4.5 ኢንች ቸርኬ ላለው ላዳ 175/70 አር 13 በጠርዝ ላይ ያለ ቢሆንም የተፈቀደ ምትክ ነው፤ ለቮልስዋገን ደግሞ 165/80 አር 15 በዲያሜትር 2.5 በመቶ ከፍ ቢልም በወርድ ይስማማዋል።

ሰፊ ጎማ መንገድ ይይዛል የሚለው እምነት ለእነዚህ መኪኖች እምብዛም አይሠራም። መሪያቸው ኃይል ሰጪ የሌለው ስለሆነ በጠባብ ቦታ ሲያቆሙ ክንድ ይበላል፤ የፊት እግር ማያያዣዎችና የኩሽኔታ ዕድሜም ያጥራል። በክረምት ውኃ በተኛበት አስፋልት ላይ ደግሞ ጠባብ ጎማ ውኃውን ሰንጥቆ መሬት ሲይዝ፣ ቀላል መኪና የተሸከመ ሰፊ ጎማ በውኃው ላይ ለመንሳፈፍ ይቀለዋል። መሐንዲሶቹ ጠባብ ጎማ የመረጡት የመኪናውን ክብደትና ሞላ አስበው ነው፤ ውሳኔያቸውን ማክበር የሚያዋጣ ይመስለኛል።

ቸርኬውን ራሱን ለመቀየር ያሰበ ሰው የብሎኖቹን ክበብ ይለካ። የላዳና የፊያት 124 ቸርኬ አራት ብሎን በ98 ሚሊሜትር ክበብ ላይ ሲሆን፣ በብዙ የጃፓን መኪኖች ላይ ያለው 100 ሚሊሜትር ነው። የሁለት ሚሊሜትር ልዩነት በዓይን አይታይም፤ ብሎኖቹም ተገፍተው ሊገቡ ይችላሉ። ይሁን እንጂ ቸርኬው መሐል ላይ ሳይቀመጥ በጠማማ ብሎን ስለሚታሰር ይንቀጠቀጣል፣ ብሎኑም ውሎ አድሮ ይላላል ወይም ይቆረጣል።

ጭነትና ፍጥነት

ከልኩ ቀጥሎ እንደ ‹‹79 ቲ›› ያለ ጽሑፍ ይገኛል። ቁጥሩ የመሸከም አቅም መለያ ነው። 75 ማለት በአንድ ጎማ 387 ኪሎ፣ 79 ማለት 437፣ 82 ማለት 475፣ 88 ማለት 560 ኪሎ ነው። ላዳ 2101 ባዶውን 955 ኪሎ፣ ሰውና ዕቃ ሞልቶ ደግሞ 1,355 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ክብደቱ ለአራቱም እኩል ስለማይደርስ ስሌቱ የሚሠራው ይበልጥ በሚሸከመው አክስል ነው፤ ከሙሉ ክብደቱ 55 በመቶው ኋላ ላይ ያርፋል ብለን ብንወስድ እያንዳንዱ የኋላ ጎማ ወደ 373 ኪሎ ይደርሰዋል። 79 የተጻፈበት ጎማ ይህን በምቾት ይሸከማል፤ 75 የተጻፈበት ግን ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ የሚጨምረውን ጫና የሚችልበት ትርፍ እጅግ ትንሽ ነው። ሞተሩ ከኋላ በሆነው ቮልስዋገንና ፊያት 600 ላይ የኋላው ድርሻ ከዚህም ከፍ ስለሚል ስሌቱን በጥንቃቄ ይሥሩት።

ከዚህ በተቃራኒ ያለው ስሕተት ‹‹ጠንካራ ነው›› ተብሎ የአነስተኛ ጭነት መኪና ጎማ መግዛት ነው። በ12 እና በ13 ኢንች ለጥቃቅን ቫኖች የሚመጡት፣ ከልካቸው ኋላ ‹‹ሲ›› የተጻፈባቸውና ‹‹8 ፒ አር›› የሚሉት ጎማዎች በቀላሉ ስለሚገኙ ብዙ ሰይቸንቶና ላዳ ይታሰርባቸዋል። እነዚህ ጎማዎች እያንዳንዳቸው ከ500 ኪሎ በላይ እንዲሸከሙ የተሠሩ ናቸው፤ ያንን አቅም የሚያገኙት ግን ንፋሳቸው በጣም ከፍ ሲል ነው። በቀላል መኪና ሥር ጎናቸው ስለማይተጣጠፍ በኮብልስቶን መንገድ ላይ መኪናውን ያንዘፈዝፉታል፣ ሞላውንና አካሉን ይጎዳሉ፣ በዝናብ ጊዜም ፍሬን ሲያዝ መሬቱን በደንብ አይጨብጡም። ሌላ አማራጭ እስካለ ድረስ ለሰው መጫኛ የድሮ መኪና አልመክራቸውም።

የፍጥነት ፊደሉ ቀለል ይላል። ‹‹ኪው›› እስከ 160፣ ‹‹ኤስ›› እስከ 180፣ ‹‹ቲ›› እስከ 190፣ ‹‹ኤች›› እስከ 210 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። ቮልስዋገን 1200 ወይም ላዳ በአዳማው የፍጥነት መንገድ ላይ እንኳ ‹‹ኤስ›› የሚፈቅደውን አይደርሱበትም። ይሁን እንጂ አንድ አካል ያላቸው መኪኖች በሞተራቸው ሊለያዩ ይችላሉ። መርሴዲስ 200 ዲ በ‹‹ኤስ›› ይበቃዋል፤ ያው አካል ያለው 280 ኢ ግን 200 ኪሎ ሜትር ስለሚደርስ ፋብሪካው ‹‹ኤች›› ጠይቆለታል። የፍጥነት ደረጃ ጎማው ሙቀትን የመቋቋም ችሎታው መለኪያ ስለሆነ ከፋብሪካው በታች መውረድ አይገባም፤ ከፍ ማለት አይጎዳም።

የተሠራበት ቀን

ልክነቱ ከተረጋገጠ በኋላ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የተሠራበትን ቀን ማንበብ ያስፈልጋል። የድሮ መኪና ልክ በዝግታ ስለሚሸጥ መደርደሪያ ላይ ዓመታት የቆየ ጎማ መኖሩ የተለመደ ነው። በጎኑ ላይ ‹‹ዶት›› ከሚለው ጽሑፍ ጋር በሞላላ ክፈፍ ውስጥ አራት አሃዝ ይገኛል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመተ ምሕረቱን ያመለክታሉ። ሦስት አሃዝ ብቻ ካለው የተሠራው ከ2000 እ.ኤ.አ. በፊት ስለሆነ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ለመንገድ አይሆንም።

እዚህ ላይ የዘመን አቆጣጠር ልዩነት ገዢውን ሊያሳስት ይችላል። ዓመቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፈ በመሆኑ ‹‹1015›› የሚለውን አይቶ ‹‹የ2015 ነው፣ ገና አዲስ ነው›› የሚል ሰው የገዛው በእኛ የካቲት 2007 ዓ.ም. የተሠራ ጎማ ነው። ለመመለስ ያህል ሳምንቱ ከ37 በታች ከሆነ ከዓመቱ 8፣ 37 እና ከዚያ በላይ ከሆነ 7 ይቀንሱ። ለምሳሌ ‹‹2319›› በእኛ የግንቦት መጨረሻ 2011 ዓ.ም. ይሆናል። ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ በአንድ ጎን ብቻ ስለሚታተም፣ በአንዱ በኩል ካጡት ጎማውን ያዙሩት፤ ሲታሰርም ቁጥሩ ወደ ውጭ እንዲሆን ጎሚስታውን ይጠይቁ።

ስድስት ዓመት ያለፈውን ጎማ በየዓመቱ በጥንቃቄ መመርመር፣ አሥር ዓመት የሞላውን ደግሞ ጥርሱ ቢኖርም መጣል ተገቢ ነው። የድሮ መኪና ብዙ ጊዜ ቆሞ ስለሚውል ጎማው ሳያልቅ ያረጃል። በተለይ በአንድ ጎኑ ፀሐይ እያገኘው የቆመ መኪና ካለዎት፣ ጎኖቹ ላይና በጥርሶቹ ሥር ፀጉር የመሰሉ ስንጥቆችን ይፈልጉ።

ራዲያል፣ ተሻጋሪ ክርና ከመነዳሪ

ራዲያልና ተሻጋሪ ክር ያላቸው ጎማዎች በመታጠፊያ ላይ የሚተጣጠፉት በተለያየ መንገድ ስለሆነ በአንድ አክስል ላይ ፈጽሞ አይቀላቀሉም። ሁለት ጥንድ ብቻ ካለና ምርጫ ከሌለ ራዲያሎቹ ወደ ኋላ ይሂዱ፤ ከፊት ራዲያል፣ ከኋላ ተሻጋሪ ክር ማድረግ የመኪናውን ኋላ ድንገት እንዲያመልጥ ያደርገዋል። ዛሬ ለሚነዳ መኪና ከሁሉ የሚሻለው አራቱንም ራዲያል ማድረግ ነው።

ሌላው ጥያቄ የውስጥ ጎማ፣ ማለትም ከመነዳሪ ነው። ዘመናዊ ቸርኬ የጎማውን ጠርዝ ይዞ የሚያቆይ ጉብታ በዙሪያው ስላለው ያለ ከመነዳሪ ይሠራል፤ ብዙ የድሮ ቸርኬ ግን ይህ የለውም፤ በላዩ ላይም የብየዳ፣ የመዶሻና የዝገት ጠባሳ ስለሚኖርበት ንፋስ ያሳልፋል። ጉብታ ከሌለው ከመነዳሪ ይግባበት። ሲገባ ለራዲያል የተፈቀደና ትክክለኛ ልክ የታተመበት ይሁን፤ የተለቀ ከመነዳሪ ውስጡ ይታጠፍና በእጥፋቱ ይቀደዳል። ጎማው ውስጥ የተለጠፈ ወረቀት ካለም ይነሣ፤ በሙቀት ከመነዳሪውን እየፋቀ ይበሳዋል። ቸርኬው ከመታሰሩ በፊት በሽቦ ብሩሽ ጸድቶ ቀለም ይቀባ።

ንፋስና የመጨረሻው ፍተሻ

ከታሰረ በኋላ ለአራቱም እኩል 30 ወይም 35 መሙላት በየቦታው የተለመደ ቢሆንም ለእነዚህ መኪኖች አይሆንም። በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ከፍተኛ ግፊት የጎማው ገደብ ነው፤ መኪናው የሚፈልገው መጠን በመመሪያው ላይ ነው ያለው። 155 ራዲያል የታሰረበት ቮልስዋገን ፊቱ ቀላል፣ ኋላው ከባድ በመሆኑ ከፊት 18፣ ከኋላ 27 ፒ.ኤስ.አይ. ገደማ ይፈልጋል። ልዩነቱ በሁለቱ መካከል ያለው የመንገድ አያያዝ ሚዛን ስለሆነ፣ ፊትና ኋላውን እኩል መሙላት መኪናው በኩርባ ላይ ኋላውን እንዲጥል ያደርገዋል። መለካት ያለበት ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው። መለኪያው የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት በመሆኑ፣ አዲስ አበባ ላይ የተስተካከለ ጎማ ወደ አዋሽ ሲወርዱ በአየሩ ክብደት 1 ወይም 2 ፒ.ኤስ.አይ. ዝቅ ብሎ ይታያል፤ ሙቀቱ የተወሰነውን ይመልሰዋል። እዚያ ለሚሰነብት ሰው በማግስቱ ጠዋት መልሶ መለካት ይበቃል።

ከጎሚስታው ከመውጣትዎ በፊት መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዙረው ጎማው ፓራፋንጎውን፣ የፍሬን ቱቦውንና ሞላውን አለመንካቱን ይዩ፤ ቀጥሎም ኋላ ሦስት ሰው አስቀምጠው በጉድጓድ ላይ ቀስ ብለው ያሳልፉት። ትርፍ ጎማውንም አይርሱት። የቮልስዋገን ትርፍ ጎማ ከፊት ኮፈን ሥር ተኝቶ በብዙ ሞዴሎች ላይ የመስታወት ማጠቢያውን ውኃ በንፋሱ ይገፋ የነበረ በመሆኑ፣ ዛሬም ንፋሱ ሳይታይ፣ ዕድሜው ሳይነበብ ለዓመታት የሚቀመጥበት መኪና ብዙ ነው። በመጨረሻም 50 ወይም 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ብሎኖቹ በእጅ ቁልፍ፣ በመስቀለኛ ቅደም ተከተል እንደገና ይጥበቁ፤ አዲስ ቀለም የተቀባ ቸርኬ ቀለሙ ሲጨመቅ ብሎኑን ያላላዋልና።